የከበደኝ ስም

የስሜን ትርጉሞች አንድ በአንድ የገዛኋቸው በወሬ ነው። ሻጩ አጎቴ ሙስሊህ ነበር፤ ገዢዋ እኔ፣ የሰባት ዓመት ልጅ። የምከፍለውም በአባቴ ቤት ያየሁትንና የሰማሁትን ነበር።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ከተማ ውስጥ በሚገኝ የቁርአን ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሞተር ብስክሌቱ ወደ መንደራችን እየመጣ ፊደል ያስቆጥረኛል። መንደራችን ከመራፒ እሳተ ገሞራ ተራራ ሥር ያለ የድንጋይ ጠራቢዎች መንደር ነው። ከጧት እስከ ማታ መሮ ሲንቋቋ ይውላል፤ ሩዝ ስንበላ ግራጫው ብናኝ ከጥርሳችን መካከል ይፈጫል። ጥፍሩ ሥር የድንጋይ ብናኝ የሌለበት አዋቂ ሰው ከአጎቴ በቀር አላውቅም ነበር። ሸሚዙ ነጭ ነው፤ ሲቀመጥ የሳሙናና የቅርንፉድ ሽታ አብሮት ይቀመጣል። በዚያ ዕድሜዬ ንጹሕ ሰው ሁሉ ደግ ይመስለኝ ነበር።

«ስለ ቤታችሁ አንድ አዲስ ነገር ንገሪኝ» ይለኛል ደብተሩን እያጠፈ፤ «እኔም ስለ ስምሽ አንድ አዲስ ነገር እነግርሻለሁ።»

ስሜ ማርያም ነው። የእናቴ ወገኖች «ማርያም» ይሉኛል፤ የአባቴ ወገኖች «ማሪያ»። አባቴ ካርዮኖ ካቶሊክ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን የድንግልን ሐውልት፣ ለሙስሊሙ የመቃብር ድንጋይ፣ ለሁሉም ወጥ ቤት የቅመም ሙቀጫ ይጠርባል። እናቴ ኢስቲቆማህ የመስጊድ አስተማሪ ልጅ ናት። ሲጋቡ ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ ምንጣፍ ላይ አልተቀመጡም። እኔ ስወለድ ደግሞ ስም ለማውጣት ሠላሳ አምስት ቀን ሙሉ ተጣሉ። በመጨረሻ ከሁለቱም ቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ የምትገኝ አንዲት ሴት ተገኘችና ታረቁ። ዕርቁ ሰባት ዓመት የቆየው እያንዳንዱ ወገን ሌላው የተሸነፈ ስለመሰለው ነው።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። የማውቀው ስሜ ውድ ነገር መሆኑን ብቻ ነው፤ ሰው የሚጣላበት ነገር ውድ መሆን አለበት።

የመጀመሪያውን ወሬ በሹክሹክታ ነው የነገርኩት፤ አባቴ ከአልጋዬ ራስጌ ትንሽ መስቀል መስቀሉን። አጎቴ አልተቆጣም። አንገቱን ነቀነቀና፣ «ማርያም በሶርያውያን ቋንቋ እመቤት ማለት ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ» አለኝ። ያን ቀን ማታ ሩዜን የበላሁት ጀርባዬን አቅንቼ ነው።

ሁለተኛው ወሬ ከዚያ ይበልጥ ነበር። አባቴ እሑድ ዕለት እጄን ይዞ ወደ ቄሱ ቤት ወሰደኝ፤ ቄሱም ትልቅ መዝገብ ገልጠው ስሜን ጻፉ። ይህንንም ለአጎቴ ነገርኩት። ከዚያ ስለ ባሕር ነገረኝ። አንድ የጥንት ሊቅ ስሙን «የባሕር ጠብታ» ብሎ ተርጉሞት ነበር ይባላል፤ በኋላ ግን በገልባጮች የአንድ ፊደል ስህተት ጠብታዋ ኮከብ ሆነች፣ መርከበኞችም በእሷ መንገድ መፈለግ ጀመሩ። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ሆኖም በዚያ ሳምንት ወደ ወንዝ ወርጄ ጠብታ በመዳፌ ያዝኩና፣ «ይህቺ እኔ ነኝ» እያልኩ ለመንደር ልጆች አሳየሁ። ሳቁብኝ።

ያ መዝገብ ጥምቀት የሚጠባበቁ ልጆች መዝገብ እንደነበረ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አባቴ ለእናቴ ሳይነግር አስመዝግቦኛል። አጎቴም በዚያው ሳምንት ለአባቴ ሳይነግር የእሱ ትምህርት ቤት አዳሪ ተማሪ አድርጎ አስመዝግቦኛል።

በዚያ ዓመት ታመምኩ። አንገቴ ላይ የኮክ ፍሬ የሚያህሉ እብጠቶች ወጡ፤ ከቀትር በኋላ ትኩሳቱ ይነሣል፣ የበላሁት ሥጋ አይሆነኝም። የአባቴ እናት፣ አያቴ ቱሚራህ፣ በአጠገባችን ባለ ጎጆ ትኖር ነበር፤ አባቴ የጠረበውን ሙቀጫ በጀርባዋ አዝላ ገበያ የምትሸጥ፣ ምራቋ እንደ ምላሷ የሚያቃጥል ሴት ናት። አንድ ቀን ጠራችኝና ጣቷን አንገቴ ላይ አሳርፋ መረመረችኝ። ከዚያ ለእናቴ ጮክ ብላ ተናገረች፤

«ስሙ ከብዷታል።»

በእኛ አገር ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ስሙ የከበደው ልጅ ይታመማል፤ ገንፎ ይሠራል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ከባዱ ስም ወርዶ ቀላል ስም ይደረግለታል። አባቴ ራሱ ሲወለድ የወጣለት የንጉሥ ስም ነበር። ሦስት ዓመት ሞልቶት መቆም ሲያቅተው ሠራተኛ የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጡት፤ ይኸው ቆሞ ድንጋይ ይፈልጣል።

«ማን ሊሏት ነው ታዲያ?» አለች እናቴ፣ የምታጥበውን ልብስ ሳትለቅ።

«ፓይነም።»

ፓይንግ ከአምስቱ የገበያ ቀኖቻችን አንዱ ነው። እኔ የተወለድኩት በዚያ ቀን ነው፤ በዚያ ቀን የተወለደች የገጠር ሴት ሁሉ ፓይነም ልትባል ትችላለች። እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ጥርስ ነበረው።

«እማ፣ ለላም እንኳ እንዲህ ያለ ስም አይወጣም።»

«ላም በስሟ ታማ አታውቅም።»

«ልጄ የተከበረች ሴት ስም ነው ያላት።»

«የተከበረችዋ ሴት ትሸከመው። ይህቺ አርባ ፍሬ ሩዝ አትመዝንም።»

«ልጄን የገበያ ተሸካሚ ሊያደርጓት ነው የፈለጉት! እንደ ራስዎ!»

«አዎ» አለች አያቴ፤ «እንደ እኔ ሰባ ዓመት እንድትኖር።»

እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። ከሰማሁት ሁሉ ውስጤ የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ላም። የመንደሩን ልጆች በሐሳቤ አየኋቸው፤ «ፓይነም! ፓይነም!» እያሉ ሣር ሲወረውሩልኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አያቴን ጠላኋት። ልጅ ሲጠላ ሙሉ ሰው አድርጎ ነው የሚጠላው፤ እኔም ምንም አላስቀረሁላትም።

ጥላቻዬን የሚያሳፍር አንድ ነገር እዚህ ላይ መጻፍ አለብኝ። አያቴ በሽታውን በገንፎ ብቻ ልታድን አላሰበችም። ለወራት ያህል ጎሕ ሲቀድ ሙቀጫ በምታዝልበት ጨርቅ እኔን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያው ትወስደኝ ነበር። መንገዱን ሁሉ ስትሳደብ እንሄዳለን፤ ተራራውን፣ ነርሷን፣ የልጇን ስንፍና፣ የምራቷን ኩራት፣ የእኔን ክርን። ነርሷ ፊት ክኒኑን ካልዋጥኩ በቀር አንነሣም። የዳንኩት በዚያ ክኒን ነው። እኔ ግን ስድቡን ብቻ ሰማሁ፤ ጀርባዋን አልቆጠርኩም።

የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ሲደርስ ቤታችን ጦር ሜዳ ሆነ። በቀርከሃው ግድግዳ በኩል እሰማለሁ፤

«ቅጹ ላይ ምን ይጻፍ?» ይላል አባቴ።

«ታውቀዋለህ ምን እንደሚጻፍ።»

«አንቺ ነሽ የምታውቂው? ወይስ ወንድምሽ?»

«ወንድሜን ተወው! አንተ ቄስ ቤት ስትሄድ ወንድሜን አማከርከው?»

እኔ የሚከራከሩት ማሪያ ይጻፍ ወይስ ማርያም በሚል ነው ብዬ አስብ ነበር። ቅጹ ላይ ከስም ቀጥሎ ሃይማኖት የሚል አንድ መስመር መኖሩን፣ ያ መስመርም ለአንድ ቃል ብቻ የሚበቃ መሆኑን አላውቅም ነበር። ስለዚህ በልቤ ለሁለቱም ፈረድኩላቸው፤ ሁለቱም ስሜን ይወዱታል፣ የምትጠላው አያቴ ብቻ ናት።

ዛሬ ነገሩን ገልብጬ ነው የማየው። አያቴ ራሷ የተጠመቀች ካቶሊክ ነበረች፤ ማሪያ ብትቀር ከሚያጡት አንዷ እሷ ናት። ቢሆንም ከሁለቱም መጻሕፍት ውጭ ወጥታ ገበያ ውስጥ ስም ፈለገችልኝ፤ ማንም ጦር የማያዘምትለት፣ ማንም ሊወርሰው የማይመጣ ስም። ይህን ለመረዳት ሃያ ዓመት ፈጀብኝ፤ የክፍሌ አንደኛ ነበርኩ ደግሞ።

ከፓይንግ ቀን በፊት በነበረው ሳምንት አያቴ ጎጆዋ ውስጥ አስቀምጣ አናገረችኝ።

«በፓይንግ ጧት ገንፎ ይበላል። እስከዚያ አፍሽን ዝጊ። በተለይ ለዚያ ለነጭ ለባሹ።»

«ምባህ» አልኳት፤ አያትን የምንጠራው እንዲህ ነው። «ፓይነም ከሆንኩ ማርያም የት ትሄዳለች?»

«ወደ ባለቤቶቿ ትመለሳለች።»

«ባለቤቶቿ እነማን ናቸው?»

«የሚጮኹት» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

የመንደራችን ልጆች የሚጮኹት እነማን እንደሆኑ ያውቃሉ። ተራራው ሊፈነዳ ሲል ከአፉ ውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ እዚያ የሚኖሩት መናፍስት ሰው ጎድሎባቸው ይጮኻሉ ይባላል። አያቴ እኔን ለተራራው ልትሰጠኝ ነው! ገንፎው የእኔ ተዝካር ነው! አባቴንና እናቴን ማለቷ እንደሆነ፣ ከግድግዳው ባሻገር በየማታው የሚጮኹትን እንደሆነ እንዴት ላውቅ? በዚያች ሰዓት ሊያድነኝ የሚችል አንድ ንጹሕ ሰው ብቻ ነበር የታየኝ።

ሐሙስ ሲመጣ ፊደሉን ሳልጀምር ነገርኩት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አዲሱን ስም፣ የሚጠሩትን ጎረቤቶች። እያለቀስኩ ነው የነገርኩት። አጎቴ ፀጉሬን ዳበሰኝ።

«አትፍሪ። ማርያም በጥንታውያን ግብፆች ቃል የተወደደች ማለት ነው ይላሉ። የተወደደች ልጅ ለማንም አትሰጥም።»

ሻዩን ሳይጠጣ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

በፓይንግ ጧት ግቢያችን ተጠርጎ ምንጣፍ ተዘረጋ። የሩዝ ገንፎ በሁለት ሳህን ቀረበ፤ ነጩ የአባት ምልክት፣ በዘንባባ ስኳር የቀላው የእናት። ጎረቤቶች ጫማቸውን አውልቀው ዙሪያውን ተቀመጡ። አባቴ የእግሩን ጣት ያያል። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ ያበጠ ነው። አያቴ ከሣጥን ያወጣችውን ንጹሕ ቀሚስ ለብሳለች።

የመንደሩ ሽማግሌ ፓክ ዊርዮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ሰዎች፣ ይህቺ ልጅ ስሟ ስለከበዳት ከዛሬ ጀምሮ ፓይነም ትባላለች። ሰምታችኋል?»

ጎረቤቶቹ «ሰምተናል» ብለው ከገንፎው ከቀመሱ ነገሩ ያበቃል። አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት በአጥሩ በኩል ሚኒባስ ቆመ። አጎቴ ወረደ፤ ከኋላው የእናቴ ዘመዶች፣ አሥር ወይም አሥራ አንድ ሰዎች። ቀጥ ብሎ መጣና ምንጣፉ ላይ ቆመ።

«ጫማህን አውልቅ» አለች አያቴ።

«የእህቴን ልጅ ስም በገንፎ ለምትሸጡ ሰዎች ጫማ አላወልቅም።»

«ጫማህን አውልቅ፤ ሰው ይበላበታል።»

«እርስዎ ማን ሆነው ነው ስም የሚሽሩት? ስንት ሺህ ዓመት የኖረ ስም ነው! ነገሥታት ልጆቻቸውን የሰየሙበት!»

«ለዚያ ነው የከበዳት» አለች አያቴ። አንድ ጎረቤት ሳቀና ሳቁን በሳል ሸፈነው።

የአጎቴ ፊት ቀላ። «እንግዲያው ልጅቷ ትናገር። ነይ የኔ እመቤት። ስምሽ ማን ነው?»

ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ። እንዲህ የታየሁበት ቀን አልነበረኝም። የገዛኋቸውን ሁሉ አወጣኋቸው፤

«ማርያም! እመቤት፣ የባሕር ጠብታ፣ የተወደደች! ፓይነም የላም ስም ነው። ይህቺ አሮጊት ለተራራው ልትሰጠኝ ነው፤ እሷ ትሂድ! እሷ ትሙት!»

ቀዩንም ሳህን በእግሬ መታሁት። ገንፎው አፈሩ ላይ ተዘረጋ፤ የጎረቤት ዶሮዎች እየተሻሙ መጡ።

ማንም «ሰምተናል» አላለም። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ጫማቸውን ፈለጉ። አያቴ ሳህኑን አንሥታ በቀሚሷ ጠረገችው።

«እማ…» አለ አባቴ።

«አንተ ዝም በል። ዝምታ ነው የሚያምርብህ፤ እስከ ዛሬም ለብሰኸዋል።» ከዚያ ወደ አጎቴ ዞረች። «ውሰዷት። የእናንተ ናት።»

እናቴ ጓዟን ስትሸክፍ ፊቷን አላሳየችኝም። ለረጅም ዓመታት ያን ጊዜ ያለቀሰችው ስለዳንን ነው ብዬ አምን ነበር። ቀዩን ገንፎ ያማሰለችው እናቴ ራሷ እንደሆነች የነገረችኝ ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ነው፤ ጩኸቱ ሰልችቷት፣ ከአማቷ ጋር አንድ ምድጃ ፊት ተቀምጣ፣ ስኳሩን እሷ ጨምራ። በሁለቱ ሴቶች መካከል የተሠራው የመጀመሪያው ሰላም ያ ሳህን ነበር። «ከዚያ በኋላ በዚያ ግቢ እንዴት ዓይኔን ላንሣ?» አለችኝ። አጎቴን ማን እንደጠራው አልጠየቀችኝም። የምታውቅ ይመስለኛል።

ሚኒባሱ ውስጥ ከአጎቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ልቤ በድል ይመታ ነበር።

«ፓክዴ» አልኩት፣ አጎቴን እንደምጠራው፤ «ዛሬስ? ሌላ ትርጉም የለም?»

«በቃ» አለኝ በመስኮት እያየ፤ «አሁን ዝም በይ።»

አባቴ ሁለት ጊዜ ከተማ ድረስ ሊያየን መጣ፤ ሦስተኛ አልመጣም። ቅጹ ላይ ያለው መስመር አጎቴ እንዳለው ተሞላ። እኔም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የስሞችን ታሪክ አጠናሁ። አጎቴን በውሸት ልይዘው ፈልጌ ነበር፤ ግን ያለኝ ሁሉ በእርግጥ ሊቃውንት የጻፉት ነው። ያልነገረኝ ሁለት ትርጉሞችን ብቻ ነው፤ መራራነትና ዐመፅ። እነሱን ወሬ ሳላቀብል በነፃ አገኘኋቸው።

በመመረቂያዬ ዓመት ወደ መንደሩ ሄድኩ። አያቴ ከጎጆዋ ደጅ በሙቀጫዎች መካከል ተቀምጣ ነበር። ዓይኖቿ ነጭ ሆነዋል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ ምባህ።»

«እኔ የምትባል ሰው አላውቅም።»

አውቶቡስ ውስጥ ያጠናሁት ንግግር ነበር፤ መግቢያ፣ ሐተታ፣ ማጠቃለያ ያለው። አንዱም አልመጣልኝም። «ፓይነም ነኝ» አልኩ።

«ፓይነም አልተወለደችም። ገንፎዋን ዶሮ በላው።»

ጎረቤት ያለው መሮ ድምፁን አቆመ።

«ይቅር ይበሉኝ ልል ነው የመጣሁት።»

«ማንን ነው ይቅር የምለው? ስም የላትም እንዴ? ስም ስጪኝ፤ ቢያንስ በደንብ ልርገማት።»

ሊቃውንቱ የተከራከሩበትን፣ ቤታችን የፈረሰበትን ስም ሰጠኋት።

«ማርያም።»

አያቴ የማያውቀውን እህል እንደሚቀምስ ሰው ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ከዚያ ጀመረች።

«ማርያም፣ ምድር እሾህ ታብቅልብሽ። ማርያም፣ የበላሽው አይርጋልሽ። ማርያም፣ ልጄን ባዶ ቤት ያስቀረሽ፣ ቤትሽ ባዶ ይሁን። ማርያም፣ አፍሽ…»

ጎረቤቶች ከየደጃቸው ወጡ። ሊያስቆማት የሞከረ የለም። ከሙቀጫዎቹ መካከል ክፍት ቦታ ፈልጌ ከእግሯ ሥር ተቀመጥኩ።

ድምጿ ሲደርቅ ውኃ ቀድቼ ሰጠኋት። ጠጣችና ቀጠለች።